በ25 ዩሮ ጥሩ ነጭ ቡርጎኝ የት ይገኛል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሊዮን ነው። አንድ ሠርግ ላይ ሜርሶ የሚባል ነጭ የቡርጎኝ ወይን ቀምሼ በጣም ወደድኩት። ዋጋውን ስጠይቅ 70 ዩሮ ገደማ ነው አሉኝ፤ እኔ ግን ለአንድ ጠርሙስ ከ25 ዩሮ በላይ ማውጣት አልችልም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ‹ቡርጎኝ ሻርዶኔ› የሚል በ9 ዩሮ አይቻለሁ፤ ያው አንድ ነው? ሻብሊም ገዝቼ ነበር፣ ጎመዘዘኝ፤ ተበላሽቶ ይሆን? ‹ፕሪሚዬ ክሩ› የሚል ጽሑፍ ካለበት አንደኛ ደረጃ ነው ማለት ነው? ቆየት ያለ ዓመት ልምረጥ? ከዶሮ ወጥ ጋርስ ይሄዳል?»

በ25 ዩሮ ጥሩ ነጭ ቡርጎኝ ይገኛል፤ ጥሩ ሜርሶ ግን አይገኝም። በዚህ ዋጋ «ሜርሶ» የሚል ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ካዩ ይለፉት። ስሙ ብቻውን ዋጋ የሚያስወድድ በመሆኑ፣ ያንኑ ስም ይዞ በርካሽ የሚሸጥ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ከመንደሩ ደካማ መሬት የመጣ ወይም በግዴለሽነት የተሠራ ነው። ያው ገንዘብ ስሟ ባልገነነ መንደር ውስጥ በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ከሚያወጣቸው ጠርሙሶች ምርጡን ሊገዛልዎት ይችላል። ነጭ ቡርጎኝ በጠባብ በጀት የሚገዛ ሰው ሊይዘው የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ቡርጎኝ የወይን ዘር አይደለም፤ በምሥራቅ ፈረንሳይ ከሻብሊ ተነሥቶ በቦን ከተማ በኩል እስከ ማኮን ደቡብ የሚዘልቅ አካባቢ ነው። ነጩ ወይን ከጥቂቱ በቀር ሻርዶኔ ከሚባለው ዘር ይጠመቃል። ሜርሶ ደግሞ በቦን አጠገብ ያለች አንዲት መንደር ናት። የ9 ዩሮው «ቡርጎኝ ሻርዶኔ» ዘሩ ከሜርሶው ጋር አንድ ነው፤ ፍሬው ግን ከዚህ ሰፊ አካባቢ ከተለያየ ጥግ፣ ከብዙ ገበሬዎች ተሰብስቦ የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ሕጋዊና የሚጠጣ ወይን ነው፤ ሠርጉ ላይ የቀመሱትን ግን አይሰጥዎትም።

ደረጃዎቹ አራት ናቸው። ከታች የአካባቢው ስም ብቻ ያለበት፣ ከዚያ የመንደር ስም ያለበት፣ ከዚያ ፕሪሚዬ ክሩ፣ ከሁሉ በላይ ግራን ክሩ። ስለዚህ ፕሪሚዬ ክሩ ከላይ ሲቆጠር ሁለተኛ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ደረጃው የሚሰጠው ለመሬቱ እንጂ ለሠሪው አለመሆኑ ነው። ጥሩ ማሳ የወረሰ ሰው ሁሉ ጎበዝ ጠማቂ አይደለም፤ ሰነፉ ሠሪም ያንኑ የከበረ ስም ጠርሙሱ ላይ ይለጥፋል። ፕሪሚዬ ክሩም ከመንደር መንደር እኩል አይደለም። ሞንታኚ በምትባለው መንደር ከማሳዎቹ አብዛኞቹ ፕሪሚዬ ክሩ ሲሆኑ፣ በአንጻሩ በነጭ ወይኗ እጅግ የከበረችው ሜርሶ አንድም ግራን ክሩ የላትም።

ዋጋው እንዲህ ሰማይ የነካው በስም ምክንያት ነው፤ ስሙ ደግሞ በጣም ትንሽ መሬት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሞንራሼ የሚባለው ዝነኛ ማሳ ስፋቱ 8 ሄክታር ያህል ብቻ ነው፤ እሱንም ፑሊኚና ሻሳኝ የሚባሉት ሁለት መንደሮች ተካፍለውታል። ሁለቱም በ1879 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የማሳውን ስም በይፋ ከራሳቸው ስም ጋር አጣምረው ፑሊኚ-ሞንራሼና ሻሳኝ-ሞንራሼ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ከታላቁ ማሳ ርቆ በሜዳው የተተከለ ወይንም የዚያን ስም ግርማ ይዞ ይሸጣል። በዚህ ላይ የፈረንሳይ የውርስ ሕግ መሬቱን ለልጆች እኩል ሲያከፋፍል ስለኖረ፣ በአንድ ማሳ ውስጥ ጥቂት ረድፍ ብቻ ያላቸው ባለቤቶች አሉ። ምርቱ ትንሽ፣ ፈላጊው ዓለም ሁሉ ነው።

ሠርጉ ላይ ምኑን እንደወደዱት ቢታወቅ ፍለጋው ይቀላል። ሜርሶ የሚታወቀው በወፈር ያለ ጣዕሙ፣ በቅቤ፣ በለውዝና በተጠበሰ ዳቦ ሽታው ነው። ይህ ከመሬቱ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ሦስት ሥራዎች አሉበት። ጭማቂው 228 ሊትር በሚይዝ የኦክ በርሜል ውስጥ ይብላላል። ከዚያ ማሎላክቲክ በሚባለው ሁለተኛ መብላላት የፍሬው ሹል አሲድ ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ ይለወጣል፤ የቅቤው ሽታ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ወይኑ በአተላው ላይ ለወራት ይቆያል፤ አንዳንዱ ሠሪም አተላውን በዘንግ እያማሰለ ከሥር ያነሣዋል። አዲስ በርሜል ከ800 እስከ 1000 ዩሮ ያወጣል፤ የሚሞላው 300 ጠርሙስ ያህል ነው፤ እንጨቱ ብቻውን በጠርሙስ ወደ 3 ዩሮ ይጠጋል ማለት ነው። የ9 ዩሮ ወይን ይህን ወጪ አይሸከምም። ከ18 እስከ 25 ዩሮ ባለው ውስጥ ግን አሮጌና አዲስ በርሜል ተመጥኖ የተሠራበት ወይን ይገኛል።

ሻብሊው አልተበላሸም። ሻብሊ ከቦን ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ አፈሩ የጥንት ትናንሽ ኦይስተር ቅሪቶች ያሉበት ኖራማ ጭቃ ነው፤ አብዛኛው ወይንም በብረት ጋን እንጂ በበርሜል አይሠራም። ጎምዛዛነቱና ድርቀቱ ጠባዩ ነው። ለዓሣና ለባሕር ምግብ ወደር የለውም፤ የሜርሶን ልስላሴ ለፈለገ ሰው ግን የተሳሳተ አድራሻ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎን ወደ ሰሜን አይላኩት፤ ወደ ደቡብ ይውረዱ።

ደቡቡ ማኮኔ ነው። እዚያ ሙቀቱ ከፍ ስለሚል ፍሬው በደንብ ይበስላል፣ መሬቱ ኖራ ድንጋይ ነው፣ የመሬት ዋጋው ደግሞ ሜርሶና ፑሊኚ ካሉበት ኮት ዶር ከሚባለው ተዳፋት ጋር አይወዳደርም። ተራው «ማኮን-ቪላዥ» በ10 እና በ14 ዩሮ መካከል ይገኛል፤ ብዙው በማሽን የተለቀመ፣ በጋን የተሠራ፣ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ የሚጠጣ ቀላል ወይን ነው። አንድ እርከን ሲወጡ ከማኮን ቀጥሎ የአንዲት መንደር ስም ይጻፋል፦ ማኮን-ሉኚ፣ ማኮን-ቬርዜ፣ ማኮን-ሚሊ-ላማርቲን፣ ማኮን-ክሩዚል፣ ማኮን-ቡሲዬርና ሌሎችም። ሻርዶኔ የምትባል መንደርም እዚያው አለች። ልዩነቱ የሚጀምረው በዚህ እርከን ነው። የሜርሶው የላፎን ቤተሰብ በ1999 ሚሊ-ላማርቲን ውስጥ እርሻ ገዝቶ መሥራት ጀመረ፤ የፑሊኚው ዶሜን ለፍሌቭም ቬርዜ ላይ ወይን ያመርታል። ዝናቸውን በኮት ዶር ያተረፉ ሰዎች ገንዘባቸውን እዚህ ያፈሰሱት የመሬቱን አቅም አይተው ነው። የእነሱ ጠርሙስ ዛሬ ከእርስዎ በጀት ጫፍ ላይ ወይም በላይ ነው፤ በዚያው መንደር የሚሠራ ስሙ ያልገነነ ጎረቤት ግን ከ15 እስከ 20 ዩሮ ይሸጣል።

ከማኮን ስም ከፍ የሚሉት ቪሬ-ክሌሴና ሳን-ቬራን ናቸው። ቪሬ-ክሌሴ በ1999 የራሱን ስም ያገኘ ሲሆን ወፍራምና የበሰለ ፍሬ ጣዕም ያለው ነው፤ ለሜርሶ ወዳጅ ይቀርባል። ሳን-ቬራን ደግሞ ዝነኛውን ፑዪ-ፉዊሴን በሰሜንና በደቡብ ያቅፈዋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሳን-ቬራን ሁሉ አንድ አይደለም። በሰሜን በዳቫዬና በፕሪሴ ያለው መሬት ከፑዪ-ፉዊሴ ጋር የሚመሳሰል ኖራ ድንጋይ ነው፤ በደቡብ ቦዦሌ ወደሚባለው ጎረቤት የወይን አካባቢ ሲጠጋ አሸዋና ግራናይት ይቀላቀልበታል፣ ወይኑም ይቀላል። በጠርሙሱ ጀርባ የአምራቹ አድራሻ ዳቫዬ፣ ፕሪሴ፣ ቬርዢሶን ወይም ፉዊሴ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቢሆንም ሻጩን «ፍሬው ከየትኛው ማሳ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ፑዪ-ፉዊሴ ራሱ ከ2020 ምርት ጀምሮ 22 ማሳዎቹ ፕሪሚዬ ክሩ ስለተባሉለት ዋጋው እየወጣ ነው፤ ከ25 ዩሮ በታች ሲያገኙት ብዙውን ጊዜ በገፍ የተሠራው ነው። በዚያ ዋጋ ከደካማ ፑዪ-ፉዊሴ ይልቅ ጠንካራ ሳን-ቬራን ይግዙ።

ከማኮኔ በላይ ወደ ሰሜን ኮት ሻሎኔዝ አለ። ለእርስዎ ሞንታኚና ሩሊ የሚባሉት ይበቁዎታል። ሞንታኚ ነጭ ብቻ የሚሠራበት ነው፤ ከ18 እስከ 25 ዩሮ ባለው ውስጥ ፕሪሚዬ ክሩው ይገኛል። ከላይ እንዳልኩት ማዕረጉ እዚያ ብዙ ስለሆነ በስሙ ብቻ አይገመግሙት፤ ነገር ግን በርሜልን በልኩ የተጠቀመ ሞንታኚ በዚህ በጀት ወደ ሠርጉ ጠርሙስ ከሚያስጠጉት አንዱ ነው። ሩሊ ቀለል ያለ፣ ፍሬያማና አበባማ ሲሆን ዋጋው በጥቂቱ ይበልጣል።

ብዙ የቆዩ ምክሮች «ሳንት-ኦባን ይግዙ» ይላሉ። ከፑሊኚና ከሻሳኝ ጀርባ ባለው ሸለቆ ያለች መንደር ናት፤ አን ረሚሊ የሚባለው ማሳዋ ከሞንራሼ ኮረብታ ጋር ይያያዛል፤ ወይኗም በእርግጥ ድንቅ ነው። ምክሩ ግን ጊዜው አልፎበታል፤ ፕሪሚዬ ክሩዋ ዛሬ 40 ዩሮንና ከዚያም በላይ ይጠየቅበታል። ኦሴ-ዱሬስና ሳን-ሮማን የሚባሉት መንደሮችም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ከኮት ዶር አካባቢ በእርስዎ በጀት የሚቀረው ኦት-ኮት ደ ቦን ነው፤ ከዋናው ተዳፋት በስተጀርባ ከፍ ባለ ቦታ ያለ መሬት ነው። ድሮ ፍሬው በብርድ ምክንያት ሳይበስል ይቀር ነበር፤ አየሩ እየሞቀ ከመጣ ወዲህ ግን ንጹሕና ሕያው ወይን ይወጣበታል። በ2017 የተፈቀደው «ቡርጎኝ ኮት ዶር» የሚለው ስምም ሊታይ ይገባል፤ ፍሬው ከዚያው ጠባብ ተዳፋትና ከሥሩ ካለው ሜዳ ብቻ መምጣቱን ያረጋግጣል። ጥሩ የሜርሶ ሠሪ የሚያወጣውን ከ25 ዩሮ በታች ካገኙት አያመንቱ፤ ቶሎ ያልቃል።

ከሻርዶኔ ሌላ ያለውን ነጭ የወይን ዘር፣ አሊጎቴን፣ በአጭሩ፦ ጎምዛዛና ቀጭን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቡዝሮን የምትባለው መንደር ግን ከሌላው የላቀውን ታወጣለች። ሻብሊ የጎመዘዘው ሰው ይህን ባይጀምር ይሻላል።

ጠርሙሱ ላይ ካለው ጽሑፍ የሚጠቅመው ጥቂቱ ነው። «ቪዬይ ቪኝ» የሚለው ያረጁ ተክሎች ማለት ነው፤ ስንት ዓመት እንደሆነ የሚወስን ሕግ ግን የለም። «ግራን ቫን ደ ቡርጎኝ» የሚለው በወርቃማ ፊደል ቢጻፍም ደረጃ አይደለም። «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ዶሜን» የሚለው ወይኑ ባመረተው እርሻ ላይ መታሸጉን ይናገራል፤ ይህ ኃላፊው አንድ ሰው መሆኑን ስለሚያሳይ ዋጋ አለው። «ቫንዳንዥ ማኑዌል» ማለት በእጅ ተለቅሟል ማለት ነው፤ በማኮኔ ውስጥ ይህን የሚጽፍ ሰው ተጨማሪ ወጪ የከፈለ ነው። የሠሪ ስም ለማያውቅ ገዥ ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አስተማማኝ መነሻ ናቸው፦ በ1923 የተቋቋመው ላ ሻብሊዚየን በሻብሊ፣ የቡዢ ወይን አምራቾች ማኅበር በሞንታኚ፣ የሉኚና የቴር ሰክሬት ማኅበራት በማኮኔ። ከትልልቅ ነጋዴ-አምራቾች ሉዊ ዣዶ፣ ዦዜፍ ድሩዋንና ኦሊቪዬ ለፍሌቭ በታችኛው እርከን ብዙም አያሳፍሩም። ከእነዚህ መጀመርና ቀስ በቀስ ወደ ትናንሽ ሠሪዎች መሸጋገር ይቻላል።

ቆየት ያለ ዓመት አይምረጡ። በዚህ ዋጋ ያለ ነጭ ወይን በብዛት የሚሠራው በወጣትነቱ እንዲጠጣ ነው፤ ማኮን በ2 እና በ3 ዓመት ውስጥ፣ ሳን-ቬራንና ሞንታኚ ቢበዛ በ5 እና በ6 ዓመት ውስጥ ይጠጣሉ። ነጭ ቡርጎኝ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ምርት ወዲህ ያለጊዜው የማርጀት ችግር ታይቶበታል፤ ውዱ ጠርሙስ እንኳ አላመለጠም። ምልክቱ የጠቆረ ወርቃማ ቀለምና የጠወለገ ፖም ሽታ ነው። ከዓመቶቹ 2022 ምርቱም ጥራቱም ጥሩ ነበር፤ ለዚህ በጀት የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። 2023 ምርቱ በጣም ብዙ ነበር፣ ጥሩው ጥሩ ሆኖ ሳለ የቀጠነም አለበት፤ ስለዚህ የሠሪው ስም ይበልጥ ይወስናል። በ2021 የኤፕሪል ውርጭ ምርቱን አመናምኖት ወይኑ ሹል፣ ዋጋውም ውድ ሆነ፤ ለእርስዎ ጣዕም አይመከርም። በ2024 ዝናብና የሻጋታ በሽታ በተለይ ሻብሊን ክፉኛ ጎድተዋል።

ከጠርሙሱ ሥር ነጭ ክሪስታል ቢያዩ አይደንግጡ፤ የወይኑ የራሱ አሲድ በቅዝቃዜ ረግቶ ነው፣ አይጎዳም። ሲከፍቱት የተጫረ ክብሪት ቢሸት ማሰሮ ውስጥ ገልብጠው 20 ደቂቃ ያቆዩት፤ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። የረጠበ ካርቶን ቢሸት ግን ቡሹ አበላሽቶታል፤ አየር አያድነውም፣ ሳያፈሱ ወደ ሻጩ ይመልሱት። ሱቁ ሞቃት ከሆነ ወይም ጠርሙሱ ለወራት በመብራት ሥር ቆሞ ከነበረ ስሙ ምንም ይሁን ምን አይግዙት።

ብዙ ሰው ጥሩ ነጭ ወይን የሚያበላሸው በቅዝቃዜ ነው። በፍሪጅ በ4 ዲግሪ የቆየ ሞንታኚ ሽታው ሁሉ ይታፈንና ጎምዛዛነቱ ብቻ ይቀራል። ከመቅዳትዎ በፊት አውጥተው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩት፤ በርሜል የገባ ነጭ 12 ዲግሪ አካባቢ፣ ሻብሊና ቀላሉ ማኮን 10 ዲግሪ ላይ ጥሩ ናቸው። ምናልባት ያ ሻብሊ ይህን ያህል የጎመዘዘዎት እጅግ ቀዝቅዞ ስለቀረበ ሊሆን ይችላል።

ከዶሮ ወጥ ጋር በርሜል የገባ ነጭ አይስማማም። የበርበሬው ማቃጠል የአልኮሉን ትኩሳት ያጎላዋል፣ የእንጨቱንም ምሬት ወደ ፊት ያወጣዋል። ወጡ የግድ ነጭ ከፈለገ በርሜል ያልነካው ማኮን-ቪላዥ ይቅረብ። ጥሩውን ጠርሙስ ቅቤው፣ እርዱና ዝንጅብሉ ለሚስማሙት ለዶሮ አልጫ ያቆዩት፤ ሻብሊ ደግሞ ሎሚ ለተጨመቀበት የተጠበሰ ዓሣ ነው።

ሊዮን መኖርዎ ትልቅ ዕድል ነው። ማኮን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በባቡር ከአንድ ሰዓት በታች ያደርሳል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ መሸጫዎች ሳያስገድዱ ያስቀምሳሉ፣ በቦታው ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከከተማው ይቀንሳል። ወደ ትንሽ ሠሪ ቤት ግን ሳይደውሉ አይሂዱ፤ በመከር ወቅትም በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር ጊዜ የላቸውም። ሱፐርማርኬቶቹ በሴፕቴምበር በሚያካሂዱት የወይን ሽያጭ ሳን-ቬራንና ሞንታኚ በቅናሽ ይወጣሉ፤ ቅናሽ የተለጠፈበት ስመ ጥር መንደር ግን እዚያም ወጥመድ ነው። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች እነዚህ ዋጋዎች ላይ የማጓጓዣና የአከፋፋይ ጭማሪ ይጠብቁ፤ በጠርሙሱ ጀርባ ያለውን የአስመጪ ስም ይያዙ፣ አንዱን የወደዱለት አስመጪ ሌላውንም በዚያው ዓይን ይመርጣልና።

ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ሁለት ጠርሙስ ይግዙ፦ አንድ የ2022 ሞንታኚ ፕሪሚዬ ክሩ፣ በርሜል የገባ መሆኑን ሻጩን ጠይቀው፤ እና አንድ የ2022 ሳን-ቬራን ወይም ቪሬ-ክሌሴ፣ በእጅ የተለቀመ፣ በእርሻው ላይ የታሸገ። ሁለቱም በ18 እና በ25 ዩሮ መካከል ይሁኑ። በአንድ ማታ ጎን ለጎን በ12 ዲግሪ ይቅመሷቸው፣ ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ውስጥ አኑረው በማግሥቱ ደግመው ይቅመሱ፤ በሁለተኛው ቀን የተሻለው ጥሩ የተሠራው ነው። ከዚያኛው 6 ጠርሙስ ይግዙ እንጂ ከዚያ በላይ አያከማቹ፤ ቤትዎ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ከሌለው በአንድ ክረምትና በጋ ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት።